በጥብቅ የባሕር ክልል ውስጥ መጥለቅ፤ ድርጅቱን በምን ልለይ፣ ራሴንስ እንዴት ላዘጋጅ?

ጠያቂ፦ ሰማያዊ አድማስ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ደረጃ የስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ይዞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ሥልጠና አጠናቅቄ የምስክር ወረቀቴን በቅርቡ ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜዬ በሕግ ወደሚጠበቅ የባሕር ክልል ሄጄ የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የገነቡትን ዐለት መሰል አካል) በዓይኔ ለማየት አስቤአለሁ፤ ይሁን እንጂ ስለ ጉዳዩ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት የሚጋጩ ሐሳቦች ያጋጥሙኛል። አንዱ ወገን ጠላቂ ቱሪስቶች የሚከፍሉት የመግቢያ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ብዙ ጥብቅ ክልሎች ጠባቂ መቅጠርም ሆነ ለቅኝት ጀልባ ነዳጅ መግዛት አይችሉም ነበር ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ጠላቂዎች ኮራሉን በእግር መቅዘፊያቸው እየሰበሩ፣ አሸዋውን እያቦነኑና እንስሳቱን እያስጨነቁ ክልሉ የተከለለበትን ዓላማ ራሱን ያፈርሳሉ ሲል ይከራከራል።

ሁለቱም ወገኖች በቀናነት የሚናገሩ ይመስለኛል። ስለዚህ የምጠይቀው ማን ትክክል ነው ብዬ ሳይሆን፣ እንደ እኔ ያለ ጀማሪ የጉብኝቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንዲያመዝን ምን ማድረግ አለበት ብዬ ነው። የዳይቪንግ ድርጅቶች ሁሉ በድረ ገጻቸው ላይ ለተፈጥሮ እንደሚቆረቆሩ ይጽፋሉ፤ ከመክፈሌ በፊት እውነተኛውን ከአስመሳዩ ለመለየት ምን ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ራሴስ ከመሄዴ በፊት በምን ላይ ልለማመድ? ጀማሪ ሰው ጨርሶ ሊሄድባቸው የማይገባ ቦታዎች ካሉም ሳትሸፋፍኑ ብትነግሩኝ እመርጣለሁ። ጊዜ ሰጥታችሁ ለምትመልሱልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሪፍ ዘብ

ሰላም ሰማያዊ አድማስ። መሪ ጠላቂ ሆኜ በተለያዩ ጥብቅ የባሕር ክልሎች ቱሪስቶችን ለዓመታት ስላስጎበኘሁ፣ ጥያቄዎን ከውኃው በታች ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ። በእኔ እምነት የአንድ ድርጅት ኃላፊነት የሚለካው በድረ ገጹ ላይ በለጠፈው ቃል ኪዳን አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ገብተው ሳለ መቅዘፊያዎ ኮራል ሲነካ አጠገብዎ ደርሶ የሚያርምዎ ሰው በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ሉሲያ ደሴት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ጠላቂዎችን ከኋላ እየተከተሉ ሪፉን ስንት ጊዜ እንደሚነኩ መዝግበዋል። ከመጥለቅ በፊት የሚሰጠው አጭር ማብራሪያ ብቻውን የንክኪውን ቁጥር አልቀነሰም፤ የቀነሰው መሪው ንክኪውን ባየ ቁጥር ጣልቃ ገብቶ ሰውየውን ሲያርመው ነው። ካሜራ የያዙ ሰዎች፣ በሌሊት የሚጠልቁና ከጀልባ ሳይሆን ከዳርቻው ተነሥተው የሚገቡ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሪፉን ይነካሉ። ማብራሪያ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመና በግብፅ ራስ መሐመድ ብሔራዊ ፓርክ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ በሥዕል የተደገፈ ረዘም ያለ ገለጻና እሱን ተከትሎ ውኃ ውስጥ የተደረገ ማሳያ የንክኪውን መጠን በእጅጉ እንደቀነሰው አሳይቷል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በጀልባ ላይ ዕቃ እየታሰረ በጥድፊያ የሚነበብ ደንብ ከጆሮ አያልፍም፣ ውኃው ውስጥ የታየና የተሞከረ ነገር ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል።

ስለ ካሜራው ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን በትኩረት ማጣት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። በትልቅ የማራገቢያ ቅርጽ ባለው ኮራል ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ የባሕር ፈረስ ተጣብቃ ትኖራለች፤ መልኳ ከኮራሉ እብጠቶች ጋር ስለሚመሳሰል መሪው በጣቱ ካላመለከተ አትታይም። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ወደ እርሷ አስጠግቶ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ ሰውነቱን ለማረጋጋት ግራ እጁን ድንጋይ መስሎት ሕይወት ባለው ኮራል ላይ ያሳርፋል፣ ጉልበቱ አሸዋው ላይ ይወርዳል፣ ከኋላው ያለው መቅዘፊያ ደግሞ በማያየው ቦታ ጠረጴዛ መሰል ኮራል ጠርዝ ላይ ይመታል። የተነሣው አሸዋ በዙሪያው ባሉት ኮራሎች ላይ ቀስ ብሎ ይሰፍራል። ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ፎቶ አንሺ አለ፤ ከእርሱም በኋላ ሌላ። የባሕር ፈረሷ በበኩሏ ከብርሃኑ ፊቷን እያዞረች ቦታዋን ለመቀየር ትሞክራለች። በአንዱ ሰው ብቻ የደረሰው ጉዳት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ያ ኮራል በየቀኑ በርካታ ቡድኖች የሚጎበኙት ከሆነ የማገገሚያ ጊዜ አያገኝም።

ኮራል ድንጋይ የሚመስል እንጂ ድንጋይ አይደለም። በኖራማው አጽም ላይ የተዘረጋው ሕያው ሥጋ በጣም ስስ ስለሆነ በጣት ጫና ብቻ ይቆስላል፣ በቁስሉ በኩልም አልጌና በሽታ ሊገቡ ይችላሉ። ቅርንጫፍ ያላቸው ዝርያዎች በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊያድጉ ሲችሉ፣ ድፍን ክብ ቅርጽ ያላቸው ግን ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ነው የሚጨምሩት፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ኮራል ሲሰበር የሚጠፋው የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተገነባ ነገር ነው።

ራስዎን ስለማዘጋጀት ከሆነ፣ መልሴ ተንሳፋፊነትን መቆጣጠር የሚል ነው፤ ከዚህ የሚቀድም ነገር አላውቅም። አዲስ ጠላቂ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ የእርሳስ ክብደት ይታጠቃል። ክብደቱ ወገቡን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ እርሱም ላለመስጠም ቢሲዲውን (ለመንሳፈፍ አየር የሚሞላውን ሰደርያ) በአየር ይነፋል፣ ደረቱ ወደ ላይ እግሩ ወደ ታች ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመታው እያንዳንዱ ምት አሸዋና ኮራል ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ከአሠልጣኝ ጋር ሆነው ትክክለኛውን ክብደት ይለኩ፤ አግድም ተዘርግተው በአተነፋፈስዎ ብቻ ከፍና ዝቅ ማለትን፣ በአንድ ቦታ ሳይወርዱና ሳይነሡ መቆየትን፣ እንዲሁም እንደ እንቁራሪት እግርን ወደ ጎን እየከፈቱ መምታትን በመዋኛ ገንዳ ወይም ኮራል በሌለበት አሸዋማ ቦታ ይለማመዱ። የአየር መለኪያውንና መለዋወጫ ሬጉሌተሩን (ከሲሊንደሩ አየር የሚተነፈስበትን መሣሪያ) ከሰውነትዎ ጋር ያያይዙ፤ ተንጠልጥሎ የሚጎተት ቱቦ ሪፉን ሲቧጥጥ ባለቤቱ አይሰማውም። ካሜራዎን ደግሞ ያለ እጅዎ እገዛ በአንድ ቦታ ጸንተው መቆየት እስኪችሉ ድረስ ቤት ይተዉት።

ለድርጅቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ ቀላልና ቀጥተኛ ይሁን። አንድ መሪ ስንት ሰው ይዞ ይገባል? ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ከሆነ መሪው ሁሉንም ማየት አይችልም። በመጀመሪያው ቀን ችሎታዬን የምታዩበት የሙከራ ዳይቭ አለ ወይስ ቀጥታ ወደ ሪፉ ትወስዱኛላችሁ? ካሪቢያን ውስጥ ያለችው ቦኔር እ.ኤ.አ. በ1979 የባሕር ፓርኳን ካቋቋመች ወዲህ የብዙዎች አርአያ የሆነችው፣ ማንኛውም ጠላቂ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው መጀመሪያ ገለጻ እንዲሰማና የሙከራ ዳይቭ እንዲያደርግ ስለምታስገድድ ጭምር ነው። ጀልባችሁ መልሕቅ ይጥላል ወይስ በቋሚ ተንሳፋፊ ማሰሪያ ላይ ይታሰራል? ደንብ የጣሰ ደንበኛ ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ያለ ማመንታት ተጨባጭ ነገር የሚመልስልዎ ሰው ካገኙ፣ ያ ድርጅት ሥራውን የሚያውቅ ነው።

መልስ፦ ደንገል

የሪፍ ዘብ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ ስላሉ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በጥሩ ሥነ ምግባር ብቻ የማይፈታ የቁጥር ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቀይ ባሕርና በካሪቢያን ጥናት ያደረጉ የሳይንስ ሰዎች አንድ የዳይቪንግ ቦታ በዓመት ከ5,000 እስከ 6,000 የሚደርሱ ዳይቮችን ካለፈ ጉዳቱ በፍጥነት እንደሚጨምር ጽፈዋል። ይህ ቁጥር ለሁሉም ቦታ እንደ ሕግ የሚሠራ አይደለም፤ በቀላሉ የሚሰበሩ ቅርንጫፋም ኮራሎች የሞሉበት ጥልቀት የሌለው ሪፍ ከዚያ በታችም ሊጎዳ ይችላል፣ ጠንካራና ድፍን ኮራል የሚበዛበት ደግሞ የበለጠ ሊሸከም ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ገደብ የሚባል ነገር መኖሩ ነው፤ ሁሉም ጠላቂ ጠንቃቃ ቢሆን እንኳ።

ለዚህም ነው አንዳንድ አገሮች ቁጥሩን በሕግ የወሰኑት። ማሌዢያ በሲፓዳን ደሴት ላይ የነበሩትን የእንግዳ ማረፊያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አስነሥታ፣ ከዚያ ወዲህ በቀን የሚገቡትን ጠላቂዎች በፈቃድ ገድባለች። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮህ ታቻይ የተባለችውን ደሴት በጎብኚ ብዛት ምክንያት ሙሉ በሙሉ ዘጋች፤ ኮራል በነጣባቸው ወቅቶችም የተወሰኑ የዳይቪንግ ቦታዎችን ለጊዜው የዘጋችባቸው ጊዜያት አሉ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ መጠን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ በውስጡ የሚኖሩትንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያዘጋጁለትን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥቶ ይነጣል። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ኮራል አልሞተም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከቀነሰ ሊያገግም ይችላል። ነገር ግን ተርቦ ሳለ ተጨማሪ ቁስልና የአሸዋ ሽፋን ሲመጣበት አቅም ያጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በዓለም አቀፍ ደረጃ አራተኛው የኮራል መንጣት መከሰቱ በይፋ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የሚሄዱበት ሪፍ በዚያ ወቅት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መጠየቅ የትሕትና ሳይሆን የግዴታ ጉዳይ ነው። በነጣ ሪፍ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥን ድርጅት ካጋጠመዎ ይለፉት።

ጀማሪ ሊሄድባቸው አይገባም ብዬ የማምነው ቦታዎች አሉ። ኃይለኛ ሞገድ (በውኃው ውስጥ ሰውን የሚገፋ ፍሰት) ያለባቸውን ቦታዎች ይተዉ፤ ሞገዱ ሲወስደው ማንም ሰው ያገኘውን ነገር ይጨብጣል፣ ይህም ለሕይወቱ ሲል የሚያደርገው ስለሆነ ሊወቀስበት አይችልም። ጠባብ ዋሻዎችንና በሪፍ ውስጥ የሚያልፉ መተላለፊያዎችንም ይተዉ፤ በዚያ ሲሊንደሩ ጣሪያውን ይገጫል፣ የሚያስወጡት የአየር አረፋ ደግሞ ጣሪያው ላይ ተጠራቅሞ እዚያ ተጣብቀው የሚኖሩትን ስፖንጅና ሌሎች ፍጥረታት ያለ ውኃ ያስቀራቸዋል። የሌሊት ዳይቭ ለሌላ ጊዜ ቢቆይ ይሻላል። ድርጅቱ እርስዎን ወደ እንደዚህ ያሉ ቦታዎች ለመውሰድ ፈቃደኛ አለመሆኑ ሊያስከፋዎ አይገባም፤ እንዲያውም የመታመን ምልክት አድርገው ይውሰዱት።

መልስ፦ ሞገድ

ደንገል ያነሡት የቁጥር ገደብ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከዚያ ተነሥቶ ጠላቂ ባይኖር ይሻላል ወደሚል መደምደሚያ እንዳንሄድ እፈራለሁ። በወረቀት ላይ ብቻ ጥብቅ የሆኑ የባሕር ክልሎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። አዋጅ ወጥቶላቸዋል፣ በካርታ ላይ መስመር ተሠምሮላቸዋል፤ ጀልባ የላቸውም፣ ጠባቂ የላቸውም፣ ሌሊት ላይ መረብ የሚጥል ሰው ማንም አይጠይቀውም። አንድ መረብ ወይም አንድ የፈንጂ ዓሣ ማጥመድ በአንድ ሌሊት የሚያደርሰውን ጥፋት ጠንቃቃ ያልሆኑ ጠላቂዎች በዓመታት አያደርሱትም።

በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ያለውን ካቦ ፑልሞን ይመልከቱ። ዓሣው እየጠፋ ሲሄድ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ግፊት አድርገው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሕሩ ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን አደረጉ፤ ማጥመዱን ትተው ወደ ዳይቪንግና ወደ ጎብኚ ማስተናገድ ዞሩ፣ ክልሉንም በዋናነት ራሳቸው ይጠብቁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት የዓሣው አጠቃላይ ክብደት በ463 በመቶ አድጓል፤ ሻርኮችና ሌሎች ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ተመልሰዋል። ይህ ውጤት የተገኘው ጠላቂ ቱሪስቶች በመምጣታቸው ብቻ ነው አልልም፤ ዋናው ምክንያት ማጥመዱ በእርግጥ መቆሙ ነው። ነገር ግን ማጥመድ ያቆመው ቤተሰብ የሚበላው ያስፈልገዋል፤ ያን የሰጠው የጎብኚው ገንዘብ ነው።

በፊሊፒንስ የሚገኘው ቱባታሃ ሌላ ዓይነት ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1993 ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከየብስ በጣም የራቀ በመሆኑ ጎብኚዎች ሌሊቱን ሙሉ በጀልባ ተጉዘው ይደርሱበታል፣ እዚያው ጀልባው ላይ ያድራሉ፣ የሚገባውም ባሕሩ በሚረጋባቸው በዓመቱ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በተቀሩት ወራት ጠላቂ የለም፤ ጠባቂዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ በአሸዋ ደለል ላይ በቆመች ጣቢያቸው ተራ እየተቀያየሩ ይቆያሉ። ጠላቂዎች የሚከፍሉት የመግቢያ ገንዘብ ለዚህ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወጪ ትልቁን ድርሻ ከሚሸፍኑት ምንጮች አንዱ ነው።

ስለዚህ ሰማያዊ አድማስ፣ ከድርጅቱ ጥያቄዎች ጋር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያስገቡ፤ የመግቢያው ክፍያ የሚገባው ወዴት ነው? ለፓርኩ አስተዳደር በቀጥታ የሚከፈልና ደረሰኝ ያለው ከሆነ መልካም ነው። በድርጅቱ ጥቅል ዋጋ ውስጥ ተዋጠ ከተባለ፣ ለፓርኩ መድረሱን የሚያሳይ ነገር ይጠይቁ። የመሪዎቹና የጀልባ ነጂዎቹ አመጣጥም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ባሕሩ ሲከለል የማጥመጃ ቦታቸውን ያጡት ነዋሪዎች ከጉብኝቱ አንዳች ጥቅም ካላገኙ፣ መከልከሉን እንደ በደል ማየታቸው አይቀርም፤ ያ ሲሆን ጠባቂ ቢበዛም ጥበቃው አይጸናም። የአካባቢውን ሰዎች ከዕቃ ተሸካሚነት አልፎ መሪና አሠልጣኝ አድርጎ የቀጠረ ድርጅት ቢመርጡ ከማንኛውም የአረንጓዴ ማስታወቂያ ይልቅ ሪፉን ይጠቅማሉ።

የተንሳፋፊ ማሰሪያ ነገር ስለተነሣ አንድ ነገር ላክል። አሁን በብዙ አገር የምናየው፣ በሞተ ድንጋይ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ብረት በሲሚንቶ የሚተከልበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 በፍሎሪዳ ኪ ላርጎ በጆን ሃላስ የተጀመረ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጀልባ መልሕቁን በቀጥታ ኮራሉ ላይ ይጥል ነበር፣ ሰንሰለቱም ነፋስ ጀልባውን ባዞረ ቁጥር ዙሪያውን እያጨደ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ተራ የሚመስል መሣሪያ ምን ያህል ሪፍ እንዳተረፈ ሳስብ እደነቃለሁ።

ጠያቂ፦ ሰማያዊ አድማስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካሜራውን ለመተውና ከጉዞው በፊት ከአሠልጣኜ ጋር ክብደቴን ለማስተካከል ወስኛለሁ። ኃይለኛ ሞገድ ያለበትን አንድ ቦታም ከዕቅዴ አውጥቻለሁ።

ሦስት ያልገቡኝ ነገሮች ግን ቀርተዋል። ካናገርኳቸው ድርጅቶች አንዱ እጄን እንዳይቆርጠኝ ጓንት እንድይዝ መክሮኛል፤ ሌላው ግን ጓንት በፓርኩ ውስጥ የተከለከለ ነው ብሎኛል፤ የእጅ መከላከያ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው? የፀሐይ መከላከያ ቅባትን በተመለከተ «ለሪፍ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መግዛት በቂ ነው? ከዚህም ሌላ አንዱ ድርጅት ሻርኮችን በእርግጠኝነት ማየት እንደምችል ዋስትና ሰጥቶኛል፤ ለምን እርግጠኛ እንደሆነ ስጠይቀው ምግብ ስለምናቀርብላቸው ነው አለኝ። ይህ በጥብቅ ክልል ውስጥ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ቅንጣት

የባሕር ሥነ ሕይወት ስላጠናሁ እነዚህን ጥያቄዎች እኔ ልሞክር።

ጓንት የሚከለከለው እጅ እንዳይጠበቅ ተፈልጎ አይደለም፤ ጓንት ያጠለቀ ሰው ባዶ እጁን ከሆነ የማይነካውን ነገር ሁሉ ያለ ሥጋት ስለሚጨብጥ ነው። ቦኔርን የመሳሰሉ ፓርኮች በዚህ ምክንያት ይከለክሉታል። ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ወይም በሰመጠ መርከብ ፍርስራሽ ላይ ጓንት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በሞቃታማ የኮራል ሪፍ ላይ ግን እጁን ወደ ራሱ ሰብስቦ ለሚዋኝ ሰው የሚቆርጠው ነገር የለም። ፓርኩ የከለከለውን ነገር ያዙ ብሎ የሚመክር ድርጅት ደንቡን አያውቅም ወይም አያከብርም፤ ሁለቱም ለእርስዎ በቂ መልስ ናቸው።

ስለ ቅባቱ፣ «ለሪፍ ተስማሚ» የሚለው ጽሑፍ በብዙ አገር ትርጉሙ በሕግ ያልተወሰነ ስለሆነ ከፊት ያለውን ሳይሆን ከጀርባ ያለውን የቅመም ዝርዝር ያንብቡ። ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችውና ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በጸናው ሕግ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ የፀሐይ ጨረር የሚከላከሉ ኬሚካሎች ያለባቸውን ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ አግዳለች፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የደሴቶች አገር ፓላው ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ከዚህ ሰፋ ያለ ክልከላ ሥራ ላይ አውላለች። በቤተ ሙከራ የታየው ጉዳት በባሕር ውስጥ ባለው የተበረዘ መጠን ምን ያህል እንደሚደርስ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለእርስዎ ግን ከክርክሩ የሚያወጣ ቀላል መንገድ አለ፤ ረጅም እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስና በጀልባ ላይ ኮፍያ ካደረጉ ቅባት የሚያስፈልገው ፊትዎ ብቻ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያነሣው፣ እኔን ግን ከቅባቱ በላይ የሚያሳስበኝ የዕቃ ንጽሕና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በፍሎሪዳ ማያሚ አቅራቢያ የታየው የድንጋያማ ኮራሎች ሥጋ የሚያጠፋ በሽታ ከ20 በላይ የኮራል ዝርያዎችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በካሪቢያን በሰፊው ተዛምቷል። የታመመው ኮራል ላይ ነጭ ጠባሳ ይጀምርና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሥጋው ሁሉ ተገፎ አጽሙ ብቻ ይቀራል። በውኃ የሚተላለፍ በመሆኑ ከአንድ ሪፍ ወደ ሌላው የሚሄድ ጠላቂ ልብሱንና በተለይም በቢሲዲው ውስጥ የሚቀረውን ውኃ ማሰብ አለበት። ከእያንዳንዱ የዳይቪንግ ቀን በኋላ ዕቃውን ሁሉ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ በሽታው ባለበት አካባቢ ደግሞ ፓርኩ በሚያዝዘው ማጽጃ መዘፍዘፍና ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የተዘፈዘፈበትም ውኃ ወደ ባሕር አይደፋም።

ወደ ሻርኮቹ ስመጣ፣ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፍሎሪዳ በግዛቷ ውኃ ውስጥ ጠላቂዎች የባሕር እንስሳትን እንዳይመግቡ ከልክላለች፤ የሚፈቀድባቸውም ቦታዎች አሉ። በሕግ ቢፈቀድ እንኳ እኔ አልሄድም። በፊሊፒንስ ኦስሎብ ለጎብኚ ሲባል በየቀኑ ምግብ የሚሰጣቸው ዌል ሻርኮች በቦታው ከተለመደው በላይ ረጅም ጊዜ መቆየታቸውንና ብዙዎቹ ከጀልባ ጋር የተያያዘ ጠባሳ ያለባቸው መሆኑን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ምግብ ከጀልባ እንደሚመጣ የተማረ እንስሳ ወደ ጀልባ ይቀርባል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጀልባ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ሁልጊዜ የሚጠነቀቅለት አይሆንም። በዱር ያለን እንስሳ እንደሚያዩ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት እንስሳው በዱር መሆኑን አቁሟል ማለት ነው።

እንስሳውን በተፈጥሮው ካገኙት ደግሞ ከማንታ ሬይ (ክንፍ መሰል አካል ካለው ትልቅ ዓሣ) እና ከዌል ሻርክ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፣ ከፊት ለፊቱ አይቁሙ፣ አያሳድዱት። የባሕር ኤሊ ካገኙ በላዩ አይዋኙ፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስላለበት መንገዱን የዘጋ ጠላቂ ሊያስጨንቀው ይችላል። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ በአንድ ቦታ የቆየ ሰው ካሳደደው ሰው ይልቅ በቅርበት ያያል።

መልስ፦ የሪፍ ዘብ

ቅንጣት የጻፉት ላይ የምጨምረው በተግባር ስለሚያጋጥምዎ ነገር ነው። ድርጅት ለመምረጥ ሌላ መነሻ ከፈለጉ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና በሪፍ ወርልድ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመውን ግሪን ፊንስን ይመልከቱ። 15 ነጥቦች ያሉት የሥነ ምግባር ደንብ አለው፤ የምስክር ወረቀት የሚሰጣቸውን አባል ድርጅቶች ገምጋሚዎች በየዓመቱ አብረው ወርደው እየጠለቁ ይመዝኗቸዋል። የግምገማው ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር ድርጅቱ በባሕሩ ላይ የሚያደርሰው ጫና አነስተኛ ነው ማለት ነው፤ ትልቅ ቁጥር ጥሩ መስሎዎት እንዳይሳሳቱ። ይህ በአካል የሚደረግ ግምገማ ግን በሁሉም አገር ስለሌለ፣ አለመመዘን ብቻውን ድርጅቱን መጥፎ አያደርገውም።

ከእርስዎ ጋር የሚወርደውን መሪ ደግሞ እንደ ጠባቂ ብቻ አይዩት፤ እርሱም ጫና አለበት። ብዙ መሪዎች የሚተዳደሩት ከደሞዝ ይልቅ በጉርሻ ነው፤ ደንበኛው የሚደሰተው ኦክቶፐስ ከጉድጓዱ ሲወጣለት ወይም ዓሣው ተነክቶ ሲነፋለት እንደሆነ ካመነ፣ ደንቡን እያወቀ በዘንግ ይነካካዋል። አብረውኝ የሠሩ ጎበዝ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ እንስሳ የማይነካው መሪ ደግሞ ባዶ እጁን ሲቀር አይቻለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጀልባው ላይ ዕቃዎን እያዘጋጁ ሳለ እንስሳ ሳይነካ የተገኘውን ብቻ ማየት እንደሚፈልጉ፣ መቅዘፊያዎ ሪፉን ሲነካ ካየ ደግሞ ሳያፍር እንዲያርምዎ ይንገሩት። አርሞዎት ከወጣ፣ ጉርሻውን ሲሰጡት ለዚህ መሆኑን ስም ጠርተው ይንገሩት፤ የድርጅቱም ኃላፊ ቢሰማው ይሻላል።

ሌላ ጠላቂ ሲያጠፋ ካዩ ውኃ ውስጥ አይጋፈጡት። ቦታውንና ሰዓቱን ያስታውሱ፣ ከወጣችሁ በኋላ ለመሪው ይንገሩ፤ መሪው ራሱ ከሆነ ያጠፋው ለድርጅቱ ኃላፊ፣ እዚያም ካልተሰሙ ለፓርኩ አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ። አብዛኞቹ ፓርኮች የዳይቪንግ ድርጅቶችን የሚያሠሩት በየጊዜው በሚታደስ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ሲታደስ በመዝገቡ ውስጥ ቀንና ቦታ ያለው የጽሑፍ ቅሬታ መኖሩና አለመኖሩ ለውጥ ያመጣል።